ከታንክ እስከ ሳን አንድሪያስ፦ የጌም ቤት ፍርድ

መጽሐፍ ሲወጣ የሚተች አይጠፋም። ቴአትር ሲታይ፣ ፊልም ሲመረቅ፣ የዘፈን ካሴት ሲለቀቅ አንዱ ተነሥቶ ብዕሩን ያሾላል። የቪዲዮ ጨዋታን ግን እንደ አንድ የፈጠራ ሥራ ቆጥሮ፣ «ይኸኛው በዚህ በዚህ ምክንያት ሠምሯል፤ ያኛው በዚህ በዚህ ምክንያት ከሽፏል» ብሎ የሚጽፍ በእኛ ቋንቋ እምብዛም አይገኝም። ስለ ጌም ቤት የምናነበውና የምንሰማው በአብዛኛው ስለ ልጆቹ ነው፤ ከትምህርት ስለ መቅረታቸው፣ የእናታቸውን ሳንቲም ስለ መንካታቸው፣ ከጫትና ከሺሻ ቤት ተርታ ስለሚቆጠረው ስለዚያ ጠባብ ክፍል። ልጁ ዓይኑን ተክሎ ያየው የነበረው ነገር ምን እንደ ነበረ ግን ጠያቂ የለውም።

ይህ ዝምታ ተገቢ አይመስለኝም። በክፍለ ሀገር ከተሞች ያደግን ብዙዎቻችን ከልቦለድ ጋር ካሳለፍነው ሰዓት ይልቅ ከጆይስቲክ ጋር ያሳለፍነው ይበልጣል። ያ ሁሉ ሰዓት ምን አስተማረን? የትኛው ጨዋታ በእውነት መልካም ነበር? የትኛውስ በወሬ ብቻ ገነነ? እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ፣ አንባቢያን ይፈቅዱልኝና፣ በችሎቱ ልቀመጥ። ጨዋታዎቹ አርጅተዋል፤ ፍርድ ግን ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

ችሎቱ

ያደግሁት መራዊ ነው። መራዊን የማያውቅ ሰው ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ዳንግላ፣ ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ያገኛታል። ለባሕር ዳር ቅርብ መሆኗ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር፤ አዲስ ሲዲ ከአዲስ አበባ መርካቶ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ደግሞ በሚኒባስ መራዊ ይደርሳልና።

መጀመሪያ የመጣው በተራ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው ባለ ካሴቱ መሣሪያ ነው። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፋሚኮም የሚለውን ማጫወቻ በአገሩ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እኛ ዘንድ የደረሰው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም ሌሎች አስመስለው የሠሩት ርካሽ ቅጂ ነበር። ካሴቱ ላይ «9999 ጨዋታ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሲቆጠር ግን ያው ጥቂቱ በተለያየ ስም ተደጋግሞ ነው። ቀጥሎ ሶኒ በ1994 ያወጣው ፕሌይስቴሽን፣ ከዚያም በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 መጣ። ይህ ሁለተኛው በዓለም ዙሪያ ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ነው፤ ከተማችን የነበሩት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እኛ ጨዋታ አንገዛም፤ እንከራያለን። የሁለት ሰው ጨዋታ ከሆነ በዙር ይከፈላል፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። የአንድ ሰው ጨዋታ ከሆነ በሰዓት ነው። ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ተራ የሚጠብቀውና ሳንቲም የሌለው አጃቢ ተደባልቆ ይቀመጣል፤ አጃቢውም ዝም አይልም። መብራት በመሐል ከጠፋ ማን ይክፈል የሚለው ክርክር እስኪመሽ ይዘልቃል። ፍኖተ ሰላም ለዘመድ ጥየቃ ስሄድም ያገኘሁት ሕግ ይኸው ነው። ቡሬ ደግሞ ወደ ነቀምት የሚሻገረው መንገድ መገንጠያ ስለሆነች ከሠፈር ልጅ ሌላ የከባድ መኪና ረዳቶችም ይገቡ ነበር፤ የረዳት እጅ ከበድ ይላል፣ ጆይስቲክ ይሰብራል።

በጎጃም የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚያሰማው በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ነው። ቤት ከጎደለው ወዲያውኑ ይታወቅበታል፤ በኋላ አስተካክለዋለሁ የሚባል ነገር የለም። ጌም ቤትን ከዋሸራ ጋር አመሳሰልክ ብሎ የሚቆጣኝ አይጠፋም። ሥራው አይመሳሰልም፤ የዳኝነቱ ሥርዓት ግን ይቀራረባል። በጌም ቤትም ጨዋታው የሚመዘነው በሰው ፊት፣ በሳንቲምና በሰዓት ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ መጽሔት ሐያሲ ጨዋታውን በነፃ ተልኮለት፣ ሶፋው ላይ ተዝናንቶ ሲመዝን፣ እኛ የዳቦ መግዣችንን አስይዘን ነበር የምንመዝነው። ስለዚህም ፍርዳችን ከእነርሱ ፍርድ ይለያል፤ ብዙ ጊዜም የእኛ ይበልጥ የጠበቀ ነው። በአንድ ነገር ላይ ግን ዕውር ነበር። ወደ እርሱ እመጣለሁ።

የካሴት ዘመን

እኛ «ታንክ» የምንለው ጨዋታ ዋና ስሙ ባትል ሲቲ ነው፤ ናምኮ የተባለው ኩባንያ በ1985 ሠራው። ሕጉ በአንድ ትንፋሽ ይነገራል፦ ከታች በጡብ የታጠረች ንስር አለች፤ ከላይ 20 የጠላት ታንኮች ይመጣሉ፤ ንስሯን ጠብቅ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ይጫወተዋል። የጨዋታው ብልሃት ግን ከጠላት ይልቅ በወዳጅ ላይ ነው ያለው። ጓደኛህን ከመታኸው ለጥቂት ጊዜ ይደነዝዛል፤ የገዛ ጥይትህ ንስሯን ካገኛት ሁሉም ነገር ያከትማል። አብረው ሲሠሩ መጠንቀቅን፣ ቦታ መካፈልን፣ «አንተ ግራውን ያዝ» መባባልን ያለ ስብከት ያስተምራል። እንከን አለበት፤ የጠላት ታንክ አእምሮ የለውም፤ በ35 ምዕራፎች ውስጥ የሚለወጠው የግድግዳው አቀማመጥና የታንኩ ዓይነት ብቻ ነው። ቢሆንም ከካሴቱ ዘመን ሥራዎች መካከል አንደኛውን ቦታ የምሰጠው ለእርሱ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ታንክ ተጫዋቹ የራሱን ሜዳ በጡብ እንዲገነባ ይፈቅዳል። እኛ ግን ሜዳ አንሠራበትም ነበር፤ በጡቡ የስማችንን የመጀመሪያ ፊደል እንጽፍበታለን። «መ» ትቀልላለች፤ «ጌ» ታስቸግራለች። መሣሪያው ሲጠፋ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል። በእነዚያ ዓመታት በጨዋታ መስኮት ላይ ያየሁት የግዕዝ ፊደል ያ፣ እኛው ራሳችን በጡብ የደረደርነው ብቻ ነው።

ኮንትራ የኮናሚ ሥራ ነው፤ ለቤት መጫወቻ የወጣው በ1988። ሁለት ወታደሮች፣ አንዱ ሰማያዊ ሱሪ፣ አንዱ ቀይ ሱሪ፣ እየተኮሱ ወደ ፊት ይሮጣሉ። ስለ ሁለት ሰዎች ግንኙነት ይህን ያህል የሚናገር ጨዋታ ጥቂት ነው። የአንዱ ነፍስ ካለቀች ከጓደኛው ወስዶ ይነሣል፤ «ነፍስ አበድረኝ» የሚለው ልመና በክፍሉ ውስጥ የተለመደ ነበር፤ ሳይጠይቅ የሚወስድም አለ፣ ጠብ ይነሣል። ሦስተኛው ምዕራፍ ፏፏቴ ነው። መስኮቱ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል፤ የፈጠነው ወደ ላይ በዘለለ ቁጥር የዘገየው ከታች ተቆርጦ ይሞታል። የጢስ ዓባይ ጎረቤቶች ነንና ፏፏቴ አይገርመንም፤ ጓደኛን በመቅደም ብቻ መግደል ግን ያስደነግጣል። ጎበዙ ተጫዋች እዚያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የሰውን ጠባይ የማውቀው በዚያ ፏፏቴ ላይ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። 30 ነፍስ የሚሰጠው በዓለም የታወቀ የቁልፍ ቅደም ተከተል ግን ጨዋታውን ይገድለዋል። በሦስት ነፍስ የሚጫወት ሰው እያንዳንዱን ዝላይ ያስባል፤ በ30 ነፍስ የሚጫወተው ዝም ብሎ ይሮጣል።

ሱፐር ማሪዮን በተመለከተ ዓለም የፈረደውን አልቃወምም። በ1985 የወጣው ይህ ሥራ በጥራቱ ከሁለቱም ይበልጣል። የመጀመሪያውን ደቂቃ ብቻ ተመልከቱ፤ አንድ ቃል ሳይነገር፣ አንድ ፊደል ሳይነበብ፣ አንድ እንጉዳይ መሳይ ፍጡር ወደ ተጫዋቹ ይመጣል፤ ወይ ይዘላል ወይ ይሞታል። ሲዘል ጭንቅላቱ ሣጥን ይመታል፤ ሣጥኑ ሳንቲም ይሰጣል። እንግሊዝኛ ለማያውቅ ልጅ ከዚህ የተሻለ መምህር አላየሁም። ነገር ግን በጌም ቤት ማሪዮ ደካማ ነበር። ሁለት ሰው ሲጫወተው በተራ ነው፤ አንዱ እስኪሞት ሌላው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ጎበዝ ከገጠመህ ሳንቲምህን ከፍለህ ታዳሚ ትሆናለህ። የማሪዮ ክብር የቤት ውስጥ ክብር ነው፤ መሣሪያው በቤቱ ላለው ልጅ የተሠራ ነው።

ቡጢና ኳስ

በፕሌይስቴሽን ዘመን የአግዳሚው ንጉሥ ተከን 3 ነበር፤ ለቤት የወጣው በ1998። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ኤዲ ጎርዶ የሚባል የብራዚል ተዋጊ አለ፤ እየጨፈረ ይራገጣል። ቁልፉን ሁሉ ያለ ዕውቀት የሚደበድብ ሰው ኤዲን ከያዘ ሊያሸንፍ ይችላል። የሠፈር ሻምፒዮኖች ስለዚህ ይጠሉታል፤ «ኤዲ አይቻልም» የሚል ሕግ ያወጡም ነበሩ። እኔ ግን ለኤዲ እከራከራለሁ። በገበያ ቀን ከሜጫ ገጠር ዱላውን ይዞ፣ ቁምጣውን ለብሶ የሚገባ ጎረምሳ በሕይወቱ መጀመሪያ ጊዜ ጆይስቲክ ጨብጦ የከተማውን ጉረኛ ሲጥለው አይቻለሁ። አግዳሚው ተነሥቶ ጮኸ። በመጀመሪያ ቀን በር የሚከፍት፣ በሁለተኛው ወር ግን ለተማረው የሚያዳላ ጨዋታ ጥሩ ጨዋታ ነው። ተከንም እንዲያ ነው፤ ኪንግ የሚባለውን ባለ ነብር ጭንብል ተዋጊ የያዘ፣ ውርወራውን አንዱን ከሌላው እየቀጠለ የሚያውቅ ሰው ኤዲን ያሳርፈዋል።

በኳሱ ላይ ክርክሩ የፊፋና የዊኒንግ ኢለቨን ነው። ፊፋ የእውነተኞቹን ተጫዋቾች ስምና የክለቦቹን አርማ ገዝቶ ነበር የሚወጣው። ኮናሚ የሚሠራው ዊኒንግ ኢለቨን ግን መብቱ ስላልነበረው ስም ያጣምማል፤ ሮቤርቶ ካርሎስ «ሮቤርቶ ላርኮስ» ይሆናል፣ ማንቸስተር ዩናይትድ በአንዳንዱ እትም «ማን ሬድ» ይባላል። ያም ሆኖ በእነዚያ ዓመታት የእኛ ሠፈር ምርጫ ዊኒንግ ኢለቨን ነበር፤ ምርጫውም ትክክል ነበር እላለሁ። በያኔው ፊፋ ኳሱ እግር ላይ የተሰፋ ይመስላል፤ በዊኒንግ ኢለቨን ኳሱ የራሱ ክብደት አለው፣ ያመልጣል፣ ይነጥራል። ጎል ሲቆጠርብህ ጥፋቱ የራስህ መሆኑን ታውቃለህ። የተሸነፈ በሚከፍልበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጨዋታው አጭበረበረኝ ብሎ የሚያስብ ሰው አይከፍልም፤ ይጣላል።

ብዙዎቹ ቅጂዎች በጃፓንኛ ነበሩ። የትኛው መስመር ምን እንደሆነ በቦታው እናውቃለን፤ ሁለት ወደ ታች፣ አንድ ወደ ቀኝ። የጃፓኑን የኳስ ዘጋቢ ጩኸት ማንም አይሰማውም፤ ከአግዳሚው አንዱ በአማርኛ፣ በሬዲዮ ድምፅ፣ ይዘግብልን ነበርና። ያን ዘጋቢ የትኛውም ኩባንያ ሊሠራው አይችልም። እንከኑም ይነገር፤ በ2006 የወጣው ስድስተኛው ፕሮ ኢቮሉሽን (የዚያው የዊኒንግ ኢለቨን የአውሮፓ ስም ነው) ለብራዚላዊው አድሪያኖ የምት ኃይል 99 ሰጠውና ብልሃትን ወደ አንድ ሰው ግራ እግር አወረደው። ናይጄሪያና ካሜሩን ከቀደሙት እትሞች ጀምሮ አሉ። ኢትዮጵያን ግን ፈልገን አላገኘናትም። ናይጄሪያን ይዘን «ኢትዮጵያ ናት» እንል ነበር፤ አረንጓዴውን ማልያ አይተን።

የማናውቃቸው ፍጻሜዎች

አሁን ዕውር ነበር ወዳልኩት ነገር ልምጣ። በጌም ቤት ታሪክ ያለው ጨዋታ ታሪኩ አይታይም ነበር። አንደኛ፣ ክፍያው በሰዓት ነው፤ ንግግር ማዳመጥ ሳንቲም መበተን ስለሆነ ሁሉም ይዘለላል። ሁለተኛ፣ የደረሱበትን የሚያስቀምጠው ሜሞሪ ካርድ በቤቱ ባለቤት ኪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

ሳን አንድሪያስን ውሰዱ። ሮክስታር በ2004 አወጣው። በእኛ ዘንድ የታወቀው በኮዱ ነው፤ ኮዱ የተጻፈበት የደብተር ቅጠል በእጅ እየተገለበጠ ይሸጥ ነበር፤ ታንክ ያመጣል፣ ገንዘብ ያመጣል፣ በሰማይ ያስበርራል። ታሪኩ ግን የሚጀምረው በለቅሶ ነው። ካርል የሚባለው ወጣት ከሠፈሩ ከራቀ ከአምስት ዓመት በኋላ እናቱ ተገድላ ይመለሳል፤ ቤቱ ሳይደርስ ፖሊሶች ገንዘቡን ይቀሙታል፤ መቃብር ስፍራ ላይ ወንድሙ «ጥለኸን ሄደህ» ብሎ ይወቅሰዋል። በስደትና በመርዶ መካከል ለሚኖር አገር ልጅ ከዚህ የቀረበ አጀማመር የት ይገኛል? እኛ ግን በቁልፍ አልፈነው መኪና ልንሰርቅ እንሮጣለን። ሙሉውን የተጫወትኩት ጎልምሼ ነው፤ ፍርዴም ይህ ነው፦ የሠፈሩ ክፍል፣ ማለትም የመጀመሪያው ሩብ፣ ድንቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን አውሮፕላን መማር፣ ምሥጢራዊ ጣቢያ መዝረፍ እየተባለ ታሪኩ ለቅሶውን ይረሳል። ሲመለስ ዘግይቷል። የጥቁሮችን ድህነት ለመሳል ተነሥቶ ብዙ ጊዜ ወደ መሳለቅ ያዘነብላል።

ጎድ ኦፍ ዋር የ2005 ሥራ ነው። የመጀመሪያው ትዕይንት ክሬቶስ የሚባለው የግሪክ ጦረኛ ከተራራ ጫፍ ራሱን ሲወረውር ነው። ቀጥሎ ወደ ኋላ ተመልሰን በመርከብ ላይ ባለ ብዙ ራሱን ዘንዶ እንገድላለን። ያን ዘንዶ ስንት ጊዜ እንደገደልነው ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሰውየው ለምን ራሱን እንደወረወረ ግን አናውቅም ነበር። በጦርነት አምላክ ተታልሎ ሚስቱንና ልጁን በገዛ እጁ መግደሉን፣ አማልክቱ ኃጢአቱን ይቅር ቢሉትም ቅዠቱን እንደማያነሡለት የሚገልጸው ክፍል ከእኛ ሰዓት በላይ ነው። እንደ ትርኢት ጨዋታው በአግዳሚው ፊት አቻ የለውም። እንደ ታሪክ ግን የሚያሳዝን ሐዘንን ለማያቋርጥ ጭካኔ ማመካኛ ያደርገዋል። በ2007 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው ይገዝፋል፤ በልብ ግን ያንሳል።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ ነው፤ ይህም በ2005 ለዚሁ ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣ ነው። ባሕር ዳር ጓደኛዬ ቤት አየሁት። አንድ ወጣት የሞተች ልጅ እንድትነሣለት 16 ግዙፍ ፍጡራንን ሊገድል በፈረሱ ባዶ አገር ያቋርጣል። ሌላ ጠላት የለም፤ ንግግርም የለም ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ግዙፍ ሲወድቅ ሙዚቃው ያዝናል እንጂ አይፈነጥዝም። ገዳዩም እየጠቆረ ይሄዳል። ለአምስት ደቂቃ ያህል ከፈረስ ግልቢያ በቀር ምንም የማይሆንበት ጊዜ አለ። ጌም ቤት ቢገባ ኖሮ አግዳሚው «ይህ ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው!» ብሎ በአምስተኛው ደቂቃ ያስወጣው ነበር። ከዘረዘርኳቸው ሁሉ ግን ግጥም የሚባለው እርሱ ነው። የእኛ ችሎት ፍትሕን፣ ግልጽ ሕግን፣ የሁለት ሰው ፉክክርን አሳምሮ ይመዝናል፤ ዝምታን መመዘኛ ሚዛን ግን አልነበረውም።

ስለ ክሱ

ወላጆች በጌም ቤት ላይ ያቀረቡት ክስ ግማሹ እውነት ነው። ቁማር ገብቶበት ነበር፤ በጎል የሚወራረድ ትልቅ ሰው ሕፃኑን ከወንበሩ ያስነሣል። ስድቡ ከባድ ነው። ትምህርት ያቋረጠም አለ። ነገር ግን ክሱ ከሁሉ የከፋውን ነገር አላነሣም፦ ሴት ልጅ በዚያ በር ገብታ አታውቅም። እኅቶቻችን በውጭ በኩል ያልፋሉ፤ ቀና ብለው እንኳ አያዩም፤ ቢያዩ ስም ይወጣላቸዋል። ስለዚህ እስካሁን «የእኛ ፍርድ» እያልኩ የጻፍኩት የከተማዋ የግማሹ ሕዝብ ፍርድ ነው። ሌላው ግማሽ ስለ ማሪዮ ወይም ስለዚያ ስለ ጠቋሪው ፈረሰኛ ምን ይል እንደነበር አናውቅም።

ሌላው ጉድለት የቋንቋው ነው። ከላይ ከጠራኋቸው ጨዋታዎች አንዱም አማርኛ አይናገርም። በኋላ በስልክ ዘመን ቅኔ ጌምስ የተባለ የአገራችን ድርጅት ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ጅምሩ የሚያስደስት ነው። ሐሳቡም ከእኛው ጓዳ የወጣ ነው፤ ለበዓል የተገዛች ዶሮ ከእጅ አምልጣ ሠፈሩን ስታተራምስ ያላየ የለም። የስልክ ጨዋታ ግን የአንድ ሰው ጨዋታ ነው፤ አግዳሚ የለውም፣ ዘጋቢ የለውም፣ ነፍስ የሚያበድር ጓደኛ የለውም።

ወጣት ሠሪዎቻችን የሥዕሉን ጥራት ከውጭ አገሮቹ ጋር ለማወዳደር ሲደክሙ አያለሁ። በዚያ መንገድ ቶሎ አይደረስባቸውም፤ ባይደረስባቸውም ጉዳት የለውም። ታንክ ጥቂት ጡብና አንዲት ንስር ነው፤ ሠርቷል። እኔ ብጠየቅ የምመክረው ይህን ነው፦ ጨዋታውን ለሁለት ሰው ሥሩት። ሕጉ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ይሁን። የተሸነፈው ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ይወቅ። ጽሑፉ በፊደላችን ይሁን፤ ታሪክ ካለው ደግሞ ፍጻሜው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚደረስበት ይሁን። ሲያልቅ ደግሞ መጀመሪያ ለእኅቶቻችሁ አጫውቷቸው፤ የሚሉትንም ጻፉት።